የሚስ ሂልዳ ባሕር ሰርጓጅ

ባለፈው ዓርብ፣ የአክስቴ ልጅ ልትዳር አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሚዜዎቿን ሁላችንንም ሰብስባ ፎልስ ቸርች ወዳለ አንድ ጥፍር ቤት ወሰደችን። ገና በሩን ከፍተን ስንገባ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ጣፋጭም መራራም የሆነ የኮላና የቀለም ማሟሚያ ሽታ ተቀበለን። ሌሎቹ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ አንዷማ ራሴን አመመኝ ብላ ተመልሳ ወጣች። እኔ ግን ቆሜ በረጅሙ ሳብኩት። ጥፍሬን የምትሠራልኝ ልጅ ምን ዓይነት ቀለም እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ሳላስበው ግራጫ አልኳት። ለሠርግ ግራጫ የሚቀባ ሰው አይታ እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር፤ የአክስቴ ልጅም ሰምታ ተቆጣችና ሮዝ አስቀየረችኝ። እጄን ዘርግቼ ስቀመጥ ግን ሐሳቤ ከሠርጉም ከጥፍሩም ርቆ ሄዶ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደነበረችው አፓርትመንታችን፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ለወራት ተጋድሞ ወደነበረው ግራጫ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። እማዬ ዲቪ ደርሷት ሦስታችንም አሜሪካ ከመጣን ሁለት ዓመት አልፎናል። እማዬ አንድ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች፤ አባዬ ክሪስታል ሲቲ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ያቆማል። ከእኛ ሰፈር እዚያ ለመድረስ ሁለት ባቡር መያዝ ስላለበት እኔ ለትምህርት ቤት ስነሳ እሱ ከሄደ ቆይቷል። አገር ቤት ሳለ ግን የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ወጣትነቱን ያሳለፈው ምጽዋ ወደብ፣ በጥበቃ ጀልባዎች ሆድ ውስጥ፣ ሞተር ክፍል ነው። እኔ ነፍስ ያወቅሁት አገሪቱ ባሕሯን ካጣች በኋላ ስለሆነ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ነበራት ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በአክብሮት «ካፒቴን» ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ ካፒቴን ማለት ከላይ ሆኖ ነፋስ የሚመታው ሰው እንደሆነ፣ እሱ ግን ከታች ዘይት ሲቀባ እንደኖረ ያርማቸዋል። ከዚህ ያለፈ ስለዚያ ዘመን አይናገርም። የቀረችው ጆሮው ናት፤ የማንንም መኪና ድምፅ ሰምቶ የት ጋ እንዳመማት ይናገራል፣ ማቀዝቀዣችን ድምፁን ከቀየረ ከእንቅልፉ ይነቃል።

ከበራችን ትይዩ ሚስ ሂልዳ የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። ትውልዳቸው ጀርመን ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው መጥተው፣ ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የቀሩ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ አነጋገራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ነበሩ። ያስተዋወቀን ማሞቂያቸው ነው። ብርዱ ሲገባ ማሞቂያው እንደ መዶሻ ይቀጠቅጥ ጀመር፤ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ እኛ ቤት ይሰማል። እማዬ ለሕንፃው ማኔጀር እናመልክት ስትል አባዬ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አዳመጠና አየር ይዞት ነው አለ። በሦስተኛው ቀን መፍቻ ይዞ በራቸውን አንኳኳ። እኔም ለማስተርጎም ተከተልኩት፤ ምክንያቱም የአባዬ እንግሊዝኛ ከመኪና ቁልፍ መቀበልና መመለስ ብዙም አይርቅም፣ የእኔ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ጎርፍ ሞልቶ ነበር። የቤታችን አፍ እኔ ነበርኩ። የባንኩም፣ የሐኪሙም፣ የአፓርትመንቱም ወረቀት በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

እውነቱን ለመናገር ታማኝ አስተርጓሚ አልነበርኩም። ሚስ ሂልዳ ለማሞቂያው ምስጋና ብስኩት ጋግረው በቆርቆሮ ሣጥን ሲያመጡልን ዕለቱ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነበር። እማዬ ቅቤ እንዳለበት ጠይቂያቸው አለችኝ። ጠየቅሁ። ሚስ ሂልዳም ደረታቸውን ነፋ አድርገው ከቅቤ በቀር ሌላ ነገር ቤታቸው እንደማይገባ ነገሩኝ። ወደ እማዬ ዞሬ ምንም የለበትም አልኳት። እማዬ እስከ ዛሬ ድረስ ፈረንጅም ሲችልበት እንዲህ ያለ የጾም ብስኩት ይሠራል እያለች ታነሣዋለች፤ እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።

ማሞቂያው ጸጥ ባለበት ቀን አባዬ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ሰፊ ካርቶን አይቶ ነበር። ክዳኑ ላይ ከማዕበል መሃል ብቅ ያለ ባሕር ሰርጓጅ ተስሏል። ጣቱን ወደዚያ ቀሰረ። ሚስ ሂልዳ አውርደው አሉትና ታሪኩን ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔም ለአባዬ።

ኩርት የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራቸው። በጦርነቱ ጊዜ እንደዚህ ባለ ባሕር ሰርጓጅ ላይ የናፍጣ ሞተር ሠራተኛ ሆኖ ተመደበ። የመጨረሻ ደብዳቤው ላይ ታች ያለ ሰው ቀንና ሌሊቱን እንደማይለይ፣ እጁን ምንም ቢታጠብ ናፍጣ ናፍጣ እንደሚሸት፣ እናቱ ይህን እንዳትሰማ ጽፎላቸዋል። ከዚያ መርከቡ ከወደብ ወጣ፣ አልተመለሰም። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ የት እንደሰጠመ እንኳ የሚናገር የለ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ባላቸው ጡረታ ሲወጡ ይህን ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ የሚገጣጠም ሞዴል የገዙት ለወንድምሽ መታሰቢያ እገጣጥምልሻለሁ ብለው ነው፤ ካርቶኑ ሳይከፈት እሳቸው ሞቱ። አባዬ ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ኩርት በየትኛው ሞተር ላይ ይሠራ እንደነበር፣ በግራው ነው ወይስ በቀኙ። ሚስ ሂልዳ በስድሳ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም አሉ። መልሱንም አያውቁትም ነበር።

አባዬ እኔ እገጣጥመዋለሁ በያቸው አለኝ።

እንዲህ ሆኖ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ቤታችን ገባ። ሲያልቅ ርዝመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ስለነበር ከምግብ ጠረጴዛችን ሌላ የሚችለው ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ እማዬ እያጉረመረመች ሳህናችንን ሶፋ ላይ ታስይዘን ጀመር። እሑድ ከቅዳሴ መልስና አባዬ ሥራ በማይገባባቸው ቀናት ሁለታችን ጠረጴዛው ላይ እንደፋለን። መምሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ቁጥር አርባ ሁለትን ከቁጥር አርባ ሦስት ጋር አጣብቅ ይላል ስለው አባዬ በወረንጦ ያነሣትና ብርሃን ላይ አገላብጦ አይቷት፣ አይደለም፣ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መላግ አለባት ይላል፤ ልክ እሱ ነው የሚሆነውም። የኮላው ሽታ መጋረጃችን ውስጥ ገባ፣ የእማዬ ነጠላ ላይ ሳይቀር አረፈ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገባችን የቆሙ ሴትዮ ዞር ዞር ብለው ሲያሸቱ እማዬ ከአፍረቷ የተነሣ አባዬን አንድ ሳምንት አኮረፈችው።

እኔ ደግሞ ከሰፈራችን ላይብረሪ ስለ ባሕር ሰርጓጆች የተጻፈ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተውሼ የማነበውን ሁሉ ለአባዬ እተርክለት ነበር። ከአርባ በላይ ሰው በዚያች ቱቦ ውስጥ ለሳምንታት እንደሚኖር፣ ከሁለቱ ሽንት ቤቶች አንደኛው ጉዞው ሲጀመር በምግብ ስለሚሞላ ወረፋው አይጣል እንደሆነ፣ አንዱ ከአልጋው ሲነሣ ሌላው ገና ባልቀዘቀዘው ፍራሽ ላይ እንደሚተኛ ነገርኩት። ከውኃ በላይ በናፍጣ፣ ከውኃ በታች በባትሪ እንደሚሄዱ ስነግረው ግን እሱ ቀድሞ ያውቀዋል። ጦርነቱ ሲጀመር አዳኞቹ እነሱ ነበሩ፤ እዚሁ አሜሪካ ዳርቻ ድረስ እየመጡ የጭነት መርከብ ያሰጥሙ ነበር። ኋላ አውሮፕላኑና ራዳሩ ሲበዛባቸው ታዳኞቹ እነሱ ሆኑና አብዛኞቹ እንደወጡ ቀሩ። የሚቃጠሉ መርከቦችና በጀልባ ላይ የተኮራመቱ ሰዎች ፎቶ ያለባቸውን ገጾች ግን ቶሎ ቶሎ ገልጬ አልፋቸው ነበር፤ እኛ የምንሠራው የሚያምር ነገር ነበር፤ እነዚያ ገጾች ሥራችንን ያበላሹብኛል።

አንድ ቀን ሞተር ክፍሉ የሚገኝበትን ቦታ ከላይ በክዳን ሲዘጋ አባዬ እጁን አቆመና እኔም እንደ ኩርት ያሉ ጓደኞች አሉኝ አለ። የት ናቸው ብዬ ስጠይቀው ቀጣዩን ቁጥር አንብቢ አለኝ።

ታኅሣሥ ሲቃረብ መርከቡ አለቀ። ከላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ከታች ጠቆር ያለ፣ ጎኑ ላይ ባሕር የበላው የሚመስል ዝገት በቡናማ ቀለም ጫር ጫር ተደርጎበት፣ ከማማው እስከ አፍንጫው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተወጥሮበት ነበር። ማኔጀሯ ልታየው መጣችና በቀጣዩ ቅዳሜ ታች አዳራሽ በሚደረገው የነዋሪዎች የእጅ ሥራ ትርዒት ላይ እንዲቀርብ ጠየቀች። ለአባዬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የሕንፃው የሜንቴናንስ፣ ማለትም የጥገና፣ ሠራተኛ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲብት ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ማኔጀሯም የማሞቂያውን ነገር ሰምታ ቦታውን ለአባዬ እንደምትሰጠው በእኔ አስተርጓሚነት ነግራዋለች። ሥራው ከሊፍት ወርዶ የሚገባበት ነው፤ ሁለት ባቡር የለም፣ ጨለማ ለብሶ መውጣት የለም። ሚስ ሂልዳ ትርዒቱን አልወደዱትም ነበር። ብዙ ካሰቡ በኋላ ግን የአባዬ ድካም ይታይ ብለው እሺ አሉ፤ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉ፤ ምንም ባንዲራ እንዳይኖርበት። ይህን ለአባዬ ተርጉሜለታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን እሳቸውም አላብራሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬና ጡረታ ሊወጡ ያሉት ሰውዬ መርከቡን በጣውላ ላይ አድርገው አወረዱት፤ አዳራሹ እስኪከፈት እኔ እንድጠብቀው ታዘዝኩና አባዬ ሚስ ሂልዳን ደግፎ ሊያመጣ ወደ ላይ ተመለሰ። መጽሐፌ እጄ ላይ ነበር። መርከቡን ባየሁት ቁጥር ከማማው ኋላ ያለችው ባዶ ዘንግ ትቆጨኛለች። አባዬ ከአገር ቤት ያመጣት አንዲት ፎቶ አለች፤ ጀልባዋ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ይውለበለባል። ባንዲራ የሌላት መርከብ ስም እንደሌላት ልጅ መሰለችኝ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረችው የወረቀት ባንዲራ ደግሞ መሃሏ ባዶ ነጭ ነበረች፤ ፋብሪካው ሥዕሉን የረሳው፣ ሚስ ሂልዳም ባንዲራ አይኑርበት ያሉት ለዚህ ጉድለት መስሎኝ ነበር። እኔ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ፣ ዙሪያውን ቀይ ቀባሁ፣ መሃሉን ክብ ነጭ ተውኩ፣ ከዚያ ከመጽሐፉ እያየሁ ጫፎቿ የተጣመሙትን ጥቁር መስቀል በማርከር ሳልኩ። በአባዬ ኮላ ዘንጓ ላይ ለጠፍኳት። ሚስ ሂልዳ በመደነቅ እጃቸውን የሚያጨበጭቡ መስሎኝ ነበር።

ቀድመው የገቡት ሚስተር ዋልተር ናቸው። ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ከራሳቸው የሱፍ ቆብ የማይለይ፣ ሊፍት ውስጥ ላገኙት ልጅ ሁሉ ከኪሳቸው ከረሜላ የሚሰጡ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ መርከቡ ቀረቡ። ገና ላናግራቸው ስል እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲይዝ አየሁ። ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጣ። ማን ነው ይህን የሠራው ብለው ጠየቁ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከኋላቸው የገባው ሰው ሁሉ ግን ዞረ። ማኔጀሯም መጣች። ወዲያው አባዬና ሚስ ሂልዳ በበሩ ገቡ። ሚስ ሂልዳ ባንዲራዋን ሲያዩ እጃቸው ከአባዬ ክንድ ላይ ወደቀ።

አባዬ ባንዲራዋን አየ። ከዚያ የእኔን እጅ አየ። ጣቶቼ ቀይና ጥቁር ነበሩ። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ እንደ ወትሮው መምሪያ ሲያስነብበኝ በሚናገርበት ድምፅ፣

«ሰላሜ፣ ንገሪያቸው» አለኝ። «እኔ ነኝ ያደረግሁት። ትርጉሙን ሳላውቅ ነው። ሁለታቸውንም ይቅርታ እጠይቃለሁ በይ።»

ተረጎምኩ። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ። በልጅነቴ አንድም ሳላዛባ ያስተረጎምኩት ንግግር ያ ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ውሸት ነበር።

አባዬ ከኪሱ ወረንጦውን አውጥቶ ባንዲራዋን ነቀላት፣ በመዳፉ ጨመደዳት። ሚስተር ዋልተር በወጣትነታቸው የጭነት መርከብ ላይ ይሠሩ እንደነበር፣ ያችም መርከብ በእንዲህ ያለ ባሕር ሰርጓጅ ተመትታ እንደሰጠመች ማኔጀሯ በሹክሹክታ ነገረችን። አባዬ ሞዴሉን በአንሶላ ሸፍኖ ይዞት ወጣ። ቤት ስንገባ እጅሽን ታጠቢ አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። ቆሜ በሳሙና ስፈትግ የማርከሩ ቀለም አልለቅ ብሎኝ አለቀስኩ፤ እማዬ ያለቀስኩት በሰው ፊት ስላፈርን መሰላት።

የሜንቴናንሱ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማኔጀሯ በላከችው ደብዳቤ ላይ ምክንያቱን አልገለጸችም፤ ማንም ግን ምክንያቱን አላጣውም። አንዳንድ ጎረቤት ሊፍት ውስጥ አባዬን ሲያይ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ ይል ጀመር። እማዬ ደግሞ ስንት ሰው የሚያውቀውን ነገር አንተ እንዴት አታውቅም እያለች ከረመችበት፤ እሱም ልክ ነሽ ይላታል። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ሾርባዬን እጠጣለሁ። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ እሱ ሲነጋጋ ወጥቶ ባቡሩን ሲይዝ የነገሩ ክብደት በአንድ ቀን ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ለማንሣት ይብስብኛል። ልጅ ብሆንም ይህ ይገባኝ ነበር።

ባሕር ሰርጓጁ ሚስ ሂልዳ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስተር ዋልተር የእኛን በር አንኳኩ። ቆባቸውን አውልቀው ያዙና ሞዴሉን ያለ ባንዲራው ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። አባዬ ኮቱን ለበሰ፣ ኮሪደሩን ለመሻገር ኮት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፤ ሦስታችን የሚስ ሂልዳን በር አንኳኳን። እሳቸውም ከፍተው ሽማግሌውን ሲያዩ ወደ ጎን ዞር ብለው አሳለፏቸው።

ሚስተር ዋልተር ወንበር ስበው ከመርከቡ ፊት ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ እያሉ አወሩ። ዘጠኝ ቀን ጀልባ ላይ ቆይተዋል፤ አብረዋቸው ከገቡት የተረፉት ከግማሽ በታች ናቸው። የመታቸውን መርከብ ግን አንድም ጊዜ አላዩትም። ድምፁን ብቻ ነው የሰሙት። ስድሳ ዓመት ሙሉ ምን ይመስል እንደነበር ሲያስቡ ኖረዋል፤ በሐሳባቸው ግን እንደ ተራራ ያለ ነገር ነበር። «ይህን ያህል ጠባብ አልመሰለኝም ነበር» አሉ። ሚስ ሂልዳ የኩርትን ፎቶ ከመሳቢያ አውጥተው አቀበሏቸው፣ ዕድሜውንም ነገሯቸው። ሚስተር ዋልተር ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። እኔም ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር አሉ። ይቅር ተባባሉ ልል አልችልም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሁለቱም አልወጣም። ሲወጡ ለአባዬ እጃቸውን ዘረጉለት፣ ሥራው ጥሩ ነው አሉት። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት የሚስ ሂልዳ ጋዜጣ ከታች መግቢያው ላይ መሆኑ ቀርቶ በራቸው ላይ ተቀምጦ ይገኝ ነበር።

ሚስተር ዋልተር ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ሚስ ሂልዳም ጉልበታቸው ሲደክም ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ተዛወሩ፤ ከቤት ዕቃቸው ይዘው የሄዱት አንድ ወንበርና ባሕር ሰርጓጁን ነው። አባዬ ያኔ አሮጌ ቶዮታ ገዝቶ ስለነበር በወር አንድ እሑድ ይወስደኛል። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ የመርከቡን አቧራ በዝግታ ያራግፋል፤ ሁለቱ ቋንቋ ሳያስፈልጋቸው አብረው ይቀመጣሉ። እኔ እየጎረመስኩ ስሄድ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ቴክስት እጽፋለሁ።

ሃይስኩል ልጨርስ ወራት ሲቀሩኝ አንድ እሑድ አባዬ መኪናውን ሊያመጣ ቀድሞ ሲወርድ ከሚስ ሂልዳ ጋር ብቻችንን ቀረን። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ርቄ ልሄድ ስለነበር ይሆናል። ባንዲራውን የሳልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሚስ ሂልዳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ።

«ያን ምልክት በልጅነቴ በየመንገዱ አይቼዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን ወደ ግራ አዙረሽ ነበር የሳልሽው። አባትሽ ማሽን የሚገጣጥም ሰው ነው፤ ምንም ነገር አዙሮ አይሠራም።»

ከዚያ ቀጥለው በትርዒቱ ማግስት አባዬ ብቻውን መጥቶ በራቸውን እንዳንኳኳ ነገሩኝ። ያለ እኔ ወደ እሳቸው የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያች በጥቂቷ እንግሊዝኛው ልጄ ነች አላቸው። እሳቸውም ታዲያ ለምን ለማኔጀሯ አልነግራትም፣ ሥራህ እኮ ነው ሲሉት እጁን አወዛወዘ፤ ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ፣ እርስዎም ማወቃችንን አይንገሯት አላቸው።

ወርጄ መኪናው ውስጥ ገባሁ። አባዬ ሞተሩን እያዳመጠ ነበር። ፖቶማክን የሚሻገረው ድልድይ ላይ እስክንደርስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እዚያ ስንደርስ፣ ዓይኔን ከወንዙ ሳላነሣ፣ ያን ቀን እኔ ነበርኩ አልኩት።

«ቆየሽ» አለኝ።

ሌላው መኪና እንዲያልፍ ቦታ ለቀቀለት። እኔ አለቀስኩ፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ እማዬ ቁጣ ለፈለፍኩ። እሱ ግን ባቡሩ ላይ ብዙ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛ፣ ሜንቴናንስ ቢሆን ኖሮ ሽንት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከአልጋው ይነሣ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ለምን ዝም እንዳለኝ ጠየቅሁት። ድልድዩን ጨርሰን ሜሪላንድ ከገባን በኋላ፣ በሰው ፊት ያፈረ ልጅ መዋሸት ይማራል፣ ቆይቶ በራሱ የተናገረ ግን አንድ ጊዜ ተናግሮ ያርፋል አለ። ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የራሴ ልጅ ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት የጓደኛውን ሥዕል ቀድዶ ሲጠሩኝ ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ይቅርታ በል አልኩት፤ እዚህ አገር እንደሚደረገው። አባዬ ቢኖር ምን ይል ነበር እያልኩ መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ቆየሁ።

ሚስ ሂልዳ እውነቱን በነገርኳቸው በቀጣዩ ዓመት ሞቱ። ዜናው የደረሰን ዘግይቶ ስለነበር እዚያ ስንሄድ ክፍላቸው ተለቅልቆ ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ ዕቃቸው የት እንደተወሰደ የሚያውቅ ሠራተኛ አላገኘንም። አባዬ ይዞት የሄደውን ብሩሽ በኮቱ ኪስ እንደያዘ ተመለሰ።

ድልድዩ ላይ ከተነጋገርንበት ቀን በኋላ አባዬ ስለ ባሕር ኃይል ያወራኝ ጀመር፤ የእኔ ዝምታ የእሱንም ዘግቶት እንደኖረ ሁሉ። የሞተሩን ሙቀት፣ የወደቡን ጨዋማ ነፋስ፣ ምጽዋ ስትያዝ ከሞተር ክፍል አብረውት ወጥተው ያልደረሱትን አራት ጓደኞቹን። ሰባት ዓመት አስጠብቄው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የኖረው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። ከስድስቱም አራቱን ዩኒቨርሲቲ፣ የቀረውን ሥራ ወሰደብኝ፤ ሲደውልልኝ ቢዚ ነኝ አባዬ፣ ተመልሼ ኮል አደርግሃለሁ እለው ነበር። የጓደኞቹን ስም የነገረኝ አንድ ጊዜ ነው፣ ሮክቪል አንድ የመኪና ጥገና ቤት ወረፋ ስንጠብቅ፣ እኔ በአንድ ዓይኔ ስልኬን እያየሁ።

ከተቀበረ በኋላ ስማቸውን ለጸሎት አስይዛለሁ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። መኮንን፣ በርሄ፣ ተስፋዬ ብዬ ጻፍኩ። አራተኛው ጠፋኝ። እማዬን ጠየቅሁ፤ ለእሷ ስለእነሱ አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም ነበር።